ኬብሉ ወልቆ «አፕ» ያለው ስክሪን፦ የኔትወርክ ትዕዛዞችን ውጤት ለሚያነበው ሰው ማመቻቸት

ሌሊት ላይ አንድ ሰርቨር ለደንበኞች መልስ መስጠት አቆመ። ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርዶች አሉት። በአንዱ እኛ ለጥገና እንገባበታለን፤ ሌላው ለደንበኞች ነው። ተረኛዋ ባልደረባችን በጥገናው ካርድ በኩል ገባች። የካርዶቹን ሁኔታ የሚያሳየውን የሊኑክስ የአይፒ ትዕዛዝ ጻፈች። የደንበኞቹ ካርድ ላይ «አፕ» የሚል አየች። ቲኬቱ (የችግሩ መዝገብ) ላይ «ሊንኩ ደህና ነው» ብላ መዘገበች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ወደ ሌላ ዞረ። አንዱ የፋየርዎሉን ሕጎች ያገላብጣል። ሌላው ሰርቪሱን አጥፍቶ ያስነሳል። ሌላው ራውተሩ ላይ ገብቶ ይፈልጋል። ሲነጋጋ አንድ ቴክኒሻን ከሰርቨሩ ጀርባ ዞሮ ሲያይ ኬብሉ ከሶኬቱ ወጣ ብሎ ተንጠልጥሏል። ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። በቃ፣ ሁሉም ነገር ተመለሰ።

በስብሰባው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን በደንብ አላነበበችም?» የሚል ነበር። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። ልጅቷ አንብባለች። ያየችውም እውነት ነው። ማየት ያለብን ስክሪኑን ነው አልኩ። ስክሪኑ ላይ የነበረው መስመር ይሄ ነው («ኢቲኤች1» የደንበኞቹ ካርድ ስም ነው)፦

2: ኢቲኤች1: <ኖ-ካሪየር፣ብሮድካስት፣መልቲካስት፣አፕ> ኤምቲዩ 1500 ... ስቴት ዳውን ... ኪውሌን 1000

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። በአንድ መስመር ላይ «አፕ»ም አለ፣ «ዳውን»ም አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ያለው «አፕ» የሚናገረው ካርዱ በትዕዛዝ መከፈቱን ብቻ ነው፤ አንድ አስተዳዳሪ «ሥራ» ብሎታል ማለት ነው። ስለ ኬብሉ የሚናገረው ሌላ ነው። ሲግናል ሲኖር እዚያው ቅንፍ ውስጥ «ሎወር-አፕ» የሚል ይጨመራል። ሲግናል ሲጠፋ ደግሞ «ኖ-ካሪየር» ይገባል። «ስቴት» የሚለው የሁሉንም ድምር ውጤት ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከመስመሩ ላይ ነገሩን ወዲያው ያገኘዋል። ግን ሌሊት፣ ስልክ እየጮኸ፣ ሰው ሁሉ «ምን ሆነ?» እያለ፣ ዓይን የሚያርፈው የሚያውቀው ቃል ላይ ነው።

ስለዚህ ሥራው ወደ እኔ መጣ። ተረኞች በየቀኑ የሚያዩአቸውን የኔትወርክ ትዕዛዞች ውጤት ለሚያነብ ሰው ማመቻቸት።

የመጀመሪያው ሐሳብ ማሳጠር ነበር። የአይፒ ትዕዛዝ ራሱ «ብሪፍ» የሚል አማራጭ አለው። ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ መስመር ብቻ ይሰጣል፦ ስም፣ ሁኔታ፣ አድራሻ። ትዕዛዙን ለሚጠቀም ሁሉ እመክረዋለሁ፤ የተዝረከረከውን ገጽ በአንድ ጊዜ ያጸዳዋል። «ከለር» የሚለው አማራጭ ሲጨመርበት ደግሞ «ዳውን» የሚለው ቀይ ይሆናል። ብዙዎቻችን ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብለን ነበር።

አላለቀም። የሙከራ ማሽን ላይ ሁለት ነገር አደረግን። አንዱን ካርድ በትዕዛዝ ዘጋነው። የሌላውን ኬብል ነቀልነው። ከዚያ የአድራሻዎቹን አጭር ውጤት ጠየቅን። ሁለቱም «ዳውን» ብለው መጡ፤ አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት ቀለም። ተረኛው ማድረግ ያለበት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን ከወንበሩ ሳይነሳ በአንድ ትዕዛዝ ይከፍተዋል። ለሁለተኛው ሰው መላክ አለበት። ረጅሙ ውጤት ልዩነቱን ይዟል፣ ግን ቀብሮታል። አጭሩ ደግሞ ጭራሽ ጥሎታል። የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው። ውጤትን ለሰው ማመቻቸት ሲባል ጥያቄው ስንት መስመር ይቀነስ አይደለም። አንባቢው ቀጥሎ ምን ሊያደርግ ነው? ለዚያ የሚያስፈልገው ልዩነት ዓይኑ ላይ አለ ወይ? እሱ ነው ጥያቄው።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፌ በፊት ከተረኞቹ ጋር ተቀመጥኩ። «ትዕዛዙን ስትጽፉ በልባችሁ ምን እየጠየቃችሁ ነው?» አልኳቸው። የሁሉም መልስ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነበረው። ካርዱ ሲግናል አለው? አድራሻ አለው? ጌትዌዩ፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚያወጣው ራውተር፣ ይመልሳል? ሰርቪሱ ከውጭ የሚመጣን ይቀበላል? መንገድ ላይ የሚጠፋ ነገር አለ? የምንጠቀምባቸው ትዕዛዞች ግን ውጤታቸውን የሚያስቀምጡት በዚህ ቅደም ተከተል አይደለም። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ያለውን ሁሉ እንዳለ ይዘረግፋሉ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ መጀመሪያም የተሠሩት ለዚህ ነው። እኛ የጎደለን በመሃል ሆኖ ከጥያቄው ጋር የሚያገናኝ ነገር ነው።

የሠራነው ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ነው። የመጀመሪያው ውሳኔ ጽሑፍ ቆርጦ አለመልቀም ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምር የትዕዛዙን ውጤት ወስዶ «ዘጠነኛውን ቃል አምጣ» ይላል። ለዛሬ ይሠራል። ካርዱ ላይ አንድ ተጨማሪ መግለጫ ሲመጣ ግን ዘጠነኛው አሥረኛ ይሆናል። ከዚያ መሣሪያው በሙሉ ልብ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። የአይፒ ትዕዛዝ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የካርዶችንና የአድራሻዎችን ዝርዝር በጄሰን፣ ማለትም እያንዳንዱ ዋጋ ከነስሙ በሚጻፍበት ቅርጽ፣ መስጠት ይችላል። መንገድ የሚፈትሸው ኤምቲአርም እንዲሁ። ባለበት ሁሉ ጄሰኑን ወሰድን። ማሽኖቻችን ላይ ያለው ኤስኤስ፣ ማለትም ሰርቪሶች የት እንደሚያዳምጡ የሚያሳየው ትዕዛዝ፣ ግን ይህ አልነበረውም። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ጽሑፉን አነበብን፤ ያልጠበቅነው ቅርጽ ሲመጣ ስክሪፕቱ ከመገመት ይልቅ ጥሬውን መስመር እንዳለ እንዲያሳይ አደረግን።

የካርዱ ሁኔታ ቀላል ይመስል ነበር፤ ብዙ ያከራከረን ግን እሱ ነው። ቅንፉ ውስጥ «አፕ» ከሌለ ካርዱ በትዕዛዝ ተዘግቷል። «አፕ» ኖሮ «ኖ-ካሪየር» ካለ የኬብል ምልክት የለም። እስከዚህ ግልጽ ነው። አንድ ባልደረባችን «ስቴቱ አፕ ያልሆነው ሁሉ ቀይ ይሁን» አለ። ለመስማት ደህና ሐሳብ ነው። ግን ሎፕባክ፣ ማለትም ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ካርድ፣ ሁልጊዜ ስቴቱ «አንኖን» ነው። አንዳንድ የቪፒኤን ቱቦዎችም እንደዚያው ናቸው። ሕጉን ብንቀበል እያንዳንዱ ጤነኛ ማሽን ቢያንስ አንድ ቀይ መስመር ይኖረዋል። ሰው ቀይን ማለፍ ይለምዳል። ለምዶ ካለፈ ደግሞ እውነተኛው ቀይ ሲመጣም ያልፈዋል።

ኮንቴይነር፣ ማለትም ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ የሚያስኬድ ሳጥን፣ ያለባቸው ማሽኖች ሌላ ጉድ ይዘው መጡ። ኮንቴይነሮችን የሚያስኬደው ዶከር እነሱን ለማገናኘት የሚፈጥረው ድልድይ ምንም ኮንቴይነር ሳይያያዝበት ሲቀር ያለ ሲግናል ሆኖ «ዳውን» ይላል። ምንም ችግር የለም፤ ሥራ ፈት ነው እንጂ አልተበላሸም። ከእሱ ጎን ደግሞ በየኮንቴይነሩ አንድ አንድ ምናባዊ ካርድ ይደረደራል። ስለዚህ ለአይፒ ትዕዛዙ የዝርዝር አማራጩን ሰጥተን የካርዱን ዓይነት ጠየቅን። ዕውነተኛ ኬብል የሚሰካባቸው ከላይ ሆኑ። ምናባዊዎቹ ተሰብስበው በአንድ መስመር ከታች ተቆጠሩ። የሚፈልጋቸው ሰው አማራጭ ጨምሮ ይዘረዝራቸዋል።

ቆጣሪዎቹ ሌላ ወጥመድ ናቸው። የካርዱ ስታቲስቲክስ ላይ «ኤረር» ከሚለው ሥር ትልቅ ቁጥር ያየ ሰው ይደነግጣል። ግን ቁጥሩ ከማሽኑ መነሳት ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። ከወራት በፊት በአንድ መጥፎ ኬብል የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ብቻውን የቆመ ቁጥር ስለ አሁኑ ሰዓት ምንም አይናገርም። ስለዚህ ስክሪፕቱ ቆጣሪውን አንድ ጊዜ ያነባል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያነባል። ከዚያ «ስህተት፦ አሁን አይጨምርም» ወይም «ስህተት፦ እየጨመረ ነው» ይላል። አጠቃላይ ድምሩ ከጎኑ በደብዛዛ ይቀመጣል። የፍጥነቱንም አሃድ አስተካከልን። ቆጣሪው የሚቆጥረው በባይት ነው፤ የመስመር ፍጥነት ግን የሚነገረው በቢት ነው። በሰኮንድ 12.5 ሜጋባይት የሚያይ ሰው ሰፊ ቦታ ያለ ይመስለዋል። መስመሩ 100 ሜጋቢት ከሆነ ግን ሞልቷል። አሁን ሁሉንም በቢት፣ ከካርዱ ፍጥነት አጠገብ እናሳያለን።

ፒንግ ላይ ለብዙዎች አዲስ የሆነ ነገር አገኘን። ፒንግ ሌላው ማሽን ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቅ፣ በታኅሣሥ 1983 እ.ኤ.አ. በማይክ ሙስ የተጻፈ መሣሪያ ነው፤ የማያውቀው ባለሙያ የለም። ሊኑክስ ላይ አራት ፓኬት (ትንንሽ የመረጃ ጥቅል) ልኮ ሲጨርስ መደምደሚያው ላይ 4 ተላከ፣ 4 ተመለሰ፣ 0% ጠፋ ካለ በኋላ «ታይም 3004 ሚሊሰኮንድ» ይላል። ከአዲሶቹ ተረኞች አንዱ ይህን አይቶ «ሦስት ሰኮንድ እየዘገየ ነው» ብሎ ቲኬት ከፍቶ ያውቃል። 3004 የሚለው ግን የሙከራው ሙሉ ርዝመት ነው። ፒንግ በየአንድ ሰኮንዱ ስለሚልክ አራት ፓኬት ለመላክ ሦስት ሰኮንድ ያህል ያልፋል። እውነተኛው የመልስ ጊዜ ከሥር ባለው መስመር ላይ፣ በእዝባር ተለያይተው ከተደረደሩት አራት ቁጥሮች ውስጥ ነው፦ ትንሹ፣ አማካዩ፣ ትልቁና መለዋወጡ። በአዲሱ ውጤት የሙከራውን ርዝመት ጨርሶ አወጣነው። «ጌትዌይ፦ ይመልሳል፣ አማካይ 0.4 ሚሊሰኮንድ፣ ምንም አልጠፋም» ይላል። ለተረኛ ይሄ ይበቃዋል።

ሰርቪሱ የት ያዳምጣል የሚለው ጥያቄ በኤስኤስ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ዳታቤዝ 127.0.0.1:5432 ላይ ሲያዳምጥና 0.0.0.0:5432 ላይ ሲያዳምጥ (5432 የፖርቱ፣ ማለትም የሰርቪሱ በር፣ ቁጥር ነው) ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያው ከዚያው ማሽን ለሚመጣ ብቻ ይመልሳል። ሁለተኛው በማሽኑ የትኛውም የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻ የመጣውን ይቀበላል። ስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱም በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ አጠገባቸውም «ሊስን» የሚል አንድ ቃል አለ። «ፖርቱ ክፍት ነው፣ ግን ከውጭ አይገባም» የሚለው የዘወትር ግራ መጋባት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሁን «5432፦ ከዚህ ማሽን ብቻ» ወይም «5432፦ ከየትኛውም አቅጣጫ» ተብሎ ይጻፋል። ኮከብ ምልክት ይዞ የሚመጣው ደግሞ ሁለቱንም የአይፒ ቨርዥኖች የሚቀበል ነው፤ እሱንም በቃል አስቀመጥነው። የወረፋ ቁጥሮቹን በተመለከተ፣ «ሪሲቭ-ኪው» እና «ሴንድ-ኪው» በሚያዳምጥ ሶኬት (የኬብሉ ሳይሆን የሰርቪሱ የግንኙነት ጫፍ) ላይ ትርጉማቸው ይቀየራል። አንደኛው ገና ያልተስተናገዱ ግንኙነቶች ብዛት ነው፣ ሌላኛው ወረፋው የሚችለው ጣሪያ። ጣሪያው ሲቀርብ ብቻ እናሳየዋለን።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስተው ግን የኤምቲአር ሰንጠረዥ ነው ብዬ አምናለሁ። በመንገዱ ላይ ያሉትን ራውተሮች የሚዘረዝረውን ትሬስራውትንና ፒንግን አጣምሮ በየራውተሩ የጠፋውን ፓኬት በመቶኛ ይሰጣል። መሃል ላይ ያለ አንድ ራውተር 60% ይላል፣ ቀጣዮቹ ሁሉ እስከ መጨረሻው 0% ይላሉ። ሰው ዓይኑን 60 ላይ ተክሎ «እዚህ ጋ ነው የሚጠፋው» ይላል። እዚያ ቢጠፋ ኖሮ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ ጉድለቱን ይወርሱ ነበር። ያ ራውተር ለራሱ ለሚቀርቡ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ቆጥቧል እንጂ የሚያልፈውን ትራፊክ በሥርዓት እያሳለፈ ነው። በዚህ ሰንጠረዥ የተነሳ ጥፋት ለሌለባቸው ኔትወርኮች ስንት አቤቱታ እንደሚጻፍ የሠራበት ሰው ያውቀዋል። እኛ የመጨረሻውን መስመር ወደ ላይ አመጣነው። መድረሻው ላይ ጉድለት ከሌለ የመሃሉ መቶኛ በደብዛዛ ይጻፋል፣ አጠገቡም «መንገዱን አይነካም» ይባላል። ጉድለቱ ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከቀጠለ ያ መነሻ ቦታ ይደምቃል። መድረሻው ራሱ ጭራሽ ካልመለሰ ግን «ጠፋ» አንልም፤ «መልስ አልሰጠም» እንላለን፤ ምናልባት ፋየርዎል ይሆናላ።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ቀለም ያለ ቃል ብቻውን ምንም እንዳይናገር አደረግን። ጥቁር ስክሪን ላይ የማይነበበውን ጥቁር ሰማያዊ አስወጣን። ውጤቱ ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሄድ ቀለሙ በራሱ ይጠፋል፤ አለበለዚያ ሎጉ ውስጥ ቅንፍና ቁጥር የተቀላቀለበት ቆሻሻ ይገባል። «ኖ ከለር» የሚባለውን፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ፕሮግራሞች የተቀበሉትን ስምምነትም አከበርን። ቀለም የማይፈልግ ሰው በአንድ ተለዋዋጭ ያጠፋዋል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ከአንጋፋዎቹ አንዱ ጠራኝ። «እንዲህ ካቀለልክላቸው ልጆቹ ጥሬውን ማንበብ ይረሳሉ» አለኝ። ስጋቱ ትክክል ነው፣ በቁም ነገር ወሰድኩት። መሣሪያው የሌለበት ማሽን ላይ ሲገቡ ምን ሊሆኑ ነው? ስለዚህ እያንዳንዱ መልስ ከየት እንደመጣ አብሮ እንዲያሳይ አደረግን። ከፍርዱ ሥር የተጠራው ትዕዛዝና የታዩት ቃላት ይጻፋሉ፦ «የኬብል ምልክት የለም» ካለ ከሥሩ «ኖ-ካሪየር፣ አፕ» ይላል። አዲሱ ሰው ሳያስበው ይማራል። አንጋፋው ደግሞ ያላመነውን ያረጋግጣል። ይህ ክፍል ባይኖር ኖሮ አንጋፋዎቹ መሣሪያውን ይነኩት ነበር ብዬ አላስብም።

ከዚያ ሞከርነው። የሙከራ ማሽኑን ኬብል ነቅለን ያን ሌሊት ላልነበሩ ሰዎች ሰጠናቸው። ምንም ሳንናገር ከጎን ሆነን አየን። ያኔ መስመሩ የሚለው «ኢቲኤች1፦ ተከፍቷል፣ የኬብል ምልክት የለም» ነበር። ከአንባቢዎቹ አንዷ «ተከፍቷል» ላይ ደርሳ ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈች። ያው የመጀመሪያው ሌሊት ነገር በራሳችን ቃል ተደገመ። ሰው በተርሚናል ላይ መስመር አይጨርስም፤ የመጀመሪያውን የሚያረካ ቃል ሲያገኝ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፦ «ኢቲኤች1፦ የኬብል ምልክት የለም (ካርዱ በትዕዛዝ ክፍት ነው)»። ቃላቱ ያው ናቸው ለማለት ይቻላል። ግን ከዚያ በኋላ ከሞከሩት መካከል ያለፈው አልነበረም። ችግር ያለበት መስመር ከላይ ይመጣል፣ በመስመሩም ውስጥ ችግሩ ይቀድማል። ጤነኞቹ ግን ሁልጊዜ በአንድ ቋሚ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ምክንያቱም ሰው የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ያስተያያል፣ ቦታቸው ከተቀያየረ ደግሞ ይቸገራል።

አሁን ተረኞቹ ሰርቨር ላይ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጽፉት ይህን ነው። ቲኬት ላይም የሚለጥፉት ይህንኑ ነው፤ ፍርዱ ከነማስረጃው ስለሚመጣ ቀጣዩ ሰው እንደገና ከዜሮ አይጀምርም። በሌላ ሌሊት የአንድ ስዊች፣ ማለትም ኬብሎቹ የሚገናኙበት መሣሪያ፣ መሰኪያ ሞቶ ነበር። ያቺው ባልደረባችን ተረኛ ነበረች። ቲኬቱ ላይ የጻፈችው «ሲግናል የለም፣ ሰው ከጀርባ ይይ» የሚል ነው። ፋየርዎሉን የነካ ሰው አልነበረም።

ያልጨረስነው የተጣመሩ ካርዶችን ነው። ሁለት ኬብል በአንድ ስም ሲታሰር አንዱ ቢወድቅ ጥምሩ ስቴቱ «አፕ» ሆኖ ይቀጥላል። አገልግሎት ስላልተቋረጠ ማንም አያማርርም፤ መጠባበቂያው ግን ሄዷል። አሁን «ይሠራል» ከሚለው ፊት «ከ2 አባላት 1 ወድቋል» ብለን እናስቀድማለን። ኬብሉ ደህና ሆኖ ሁለቱ ጫፎች በጥምረቱ ደንብ ያልተስማሙበትን ሁኔታ ግን ገና አንለይም። መረጃው የከርነሉ የቦንዲንግ (የካርድ ጥምረት) ፋይል ውስጥ አለ። በቀጣዩ እትም የምናስገባው እሱን ነው።